እንሰትና ባክቴሪያ፦ የሁለት ሕዋሳት ታሪክ በጉራጌ ጓሮ

ማንም ሰው ባክቴሪያን በዓይኑ ከማየቱ ብዙ ዘመን ቀድሞ የጉራጌ እናቶች ባክቴሪያን ሥራ ያሠሩት ነበር። ዛሬ ጉብሬ በተቆረቆረችበት የቸሃ ምድር እንሰት ከደረሰ በኋላ የሚሆነውን መመልከት በቂ ነው። ተክሉ ይቆረጣል። ግንድ የሚመስለው ክፍል ሽፋን በሽፋን እየተላጠ ዘንበል ባለ ጣውላ ላይ ይደገፍና በቀርከሃ መፋቂያ ይፋቃል። ከመሬት በታች ያለው ወፍራም ክፍል ደግሞ ይፈቀፈቃል። ከፍቁ ተጨምቆ የሚወርደው ነጭ ውሃ ሲጠል ቡላው ከሥር ይቀራል። በጣውላው ላይ የተረፈው ጭረት ደርቆ ቃጫ ይሆናል። የቀረው ሊጥ መሳይ ነገር ከእርሾ ጋር ይደባለቅና በኮባ ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል። ሙቀት ባለበት አገር በሳምንታት፣ በደጋው በወራት ቆይቶ ቆጮ ሆኖ ይወጣል።

ይህን ሥራ በሥነ ሕይወት ዓይን የሚያይ ሰው ሴቶቹ ሕዋስን በየክፍሉ ሲፈቱት ያገኛቸዋል። ቃጫው የሕዋሳት ወፍራም ግድግዳ ነው። የሚጨመቀው ውሃ አብዛኛው በሕዋሱ መሐል ካለው ቫክዩል ከተባለ የውሃ ማጠራቀሚያ የወጣ ነው። ቡላው አሚሎፕላስት የሚባለው ኦርጋኔል፣ ማለትም የራሱ ሥራ ያለው የሕዋስ ክፍል፣ ለዓመታት ሲያከማች የኖረው የስታርች ቅንጣት ነው። ቆጮው ግን የእንሰቱ ሥራ ብቻ አይደለም። በጉድጓዱ ጨለማ ውስጥ ኒውክለስ (የዘር መረጃ የሚቀመጥበት የሕዋስ ማዕከል) የሌላቸው፣ ኦርጋኔል የሌላቸው፣ ከእንሰት ሕዋስ በብዙ እጥፍ የሚያንሱ ፍጥረታት ተባዝተው የሠሩት ነው። ሳይንስ እነዚህን ሁለት የሕዋስ ዓይነቶች ለይቶ ለማወቅ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ተብሎ ካልተጠቀሰ በስተቀር ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በ1665 እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ የቡሽ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ተመልክቶ ባዶ ክፍሎች አየና ሕዋስ (ሴል) የሚል ስም ሰጣቸው። ያየው የሞቱ ሕዋሳትን ግድግዳ ነበር፤ ቃጫ ላይ ቢያተኩርም ከዚያ ብዙ የራቀ ነገር አያይም ነበር። ሕያው የሆነውን ለማየት ዕድሉ የደረሰው የደልፍቱ የጨርቅ ነጋዴ አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ ነው። በራሱ እጅ በሞረዳቸው ትናንሽ ሌንሶች በ1674 በሐይቅ ውሃ ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ረቂቅ ፍጥረታትን አየ። በ1676 ደግሞ ቁንዶ በርበሬ በዘፈዘፈበት ውሃ ውስጥ ከእነዚያ እጅግ የሚያንሱ ሌሎችን አገኘ። የመጀመሪያዎቹ ኒውክለስ ያላቸው ናቸው፤ ሁለተኞቹ ባክቴሪያዎች ናቸው። ሁለቱንም የሕዋስ ዓይነቶች በአንድ ሰው ዓይን ማየት ተቻለ፤ ለሌቨንሁክ ግን ልዩነታቸው የመጠን ብቻ ነበር።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከኢትዮጵያ ተመልሶ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ የእንሰትን ሥዕል ለአውሮፓ አንባቢ አቀረበ። ከሥዕሉ በታች ስላለው ሕዋስ ለመናገር ግን ገና ጊዜው አልደረሰም። በ1831 ሮበርት ብራውን በኦርኪድ ቅጠል ሕዋሳት ውስጥ በእያንዳንዱ አንድ ክብ ነገር ደጋግሞ በማየቱ ኒውክለስ ብሎ ጠራው። ማትያስ ሽላይደን በ1838 ስለ ዕፀዋት፣ ቴዎዶር ሽቫን በ1839 ስለ እንስሳት ጽፈው ሕይወት ያለው ሁሉ ከሕዋስ የተሠራ መሆኑን አስተማሩ። በ1857 ሉዊ ፓስተር ወተትን የሚያኮመጥጠው ሕይወት ያለው ረቂቅ ተሕዋስ መሆኑን አሳየ። ፓስተር በሊል ከተማ የደረሰበት ነገርና የቆጮ ጉድጓድ ምስጢር አንድ ነው፤ ሁለቱም ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ሥራ ናቸው።

ከዚህ በኋላ ያለው ዘመን የኦርጋኔሎች ዘመን ነው። ጀርመናዊው አንድሬያስ ሺምፐር በ1883 የቅጠልን አረንጓዴነት የሚሰጡት ክሎሮፕላስቶች ከምንም እንደማይፈጠሩ፣ እንደ ነፃ ፍጥረት ራሳቸውን ለሁለት እየከፈሉ እንደሚባዙ አስተዋለ። ሪቻርድ አልትማን በ1890 በሕዋስ ውስጥ የሚርመሰመሱ ቅንጣቶችን ገልጾ ራሳቸውን የቻሉ የሕይወት ክፍሎች ናቸው አለ፤ እነዚህ ዛሬ ማይቶኮንድሪያ የምንላቸው ናቸው። በ1898 ጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ በነርቭ ሕዋስ ውስጥ ስሙን የወረሰውን ኦርጋኔል አገኘ። በ1905 ሩስያዊው ኮንስታንቲን ሜሬሽኮቭስኪ ከሁሉ የደፈረውን ተናገረ፦ ክሎሮፕላስት ጥንት ነፃ ሆኖ ይኖር የነበረ፣ በኋላ በሌላ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ የቀረ ፍጥረት ነው። የሰማው ጥቂት፣ ያመነው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነበር።

ፈረንሳዊው ኤድዋር ሻቶን በ1925 ኒውክለስ ለሌላቸው ፕሮካሪዮት፣ ላላቸው ደግሞ ዩካሪዮት የሚሉትን ስሞች በአንድ ጽሑፉ አሰፈረ። ስሞቹ ግን ለብዙ ዓመት ተረስተው ተቀመጡ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በብርሃን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ባክቴሪያ ከነጠብጣብ ወይም ከዘንግ ያለፈ ነገር አያሳይም። ውስጡ ምን እንዳለና ምን እንደሌለ የሚናገር መሣሪያ አልነበረም።

መሣሪያው ሕዋስን ለማሳየት ሳይደርስ የበሽታው ወሬ መጣ። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1939፣ ካስቴላኒ የተባለ ጣሊያናዊ ኢትዮጵያ ውስጥ በእንሰት ላይ ስላየው የመበስበስ በሽታ ጻፈ። ዛሬ ወደ ኋላ ዞረው የሚመረምሩ ሰዎች ስለ እንሰት አጠውልግ የተጻፈ የመጀመሪያ ማስረጃ አድርገው ይቆጥሩታል። የበሽታው ባለቤት ማን እንደሆነ ለማወቅ ግን ከዚያ በኋላ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ተጠበቀ።

በእነዚያ ዓመታት ስለ ሕዋስ ያለው እውቀት ተለወጠ። ኤርንስት ሩስካና ማክስ ክኖል በ1931 የሠሩት የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እየተሻሻለ ሄዶ በ1945 ኪት ፖርተር፣ አልበርት ክሎድና ኤርነስት ፉላም የአንድ ሙሉ ሕዋስ ምስል አሳተሙ። ጆርጅ ፓላዴ በ1955 ፕሮቲን የሚሠሩትን ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ ራይቦዞሞችን፣ ገለጸ። በዚያው ዓመት ክሪስቲያን ዴ ዱቭ ላይሶዞምን አስተዋወቀ። ክሎድ፣ ዴ ዱቭና ፓላዴ በ1974 የኖቤል ሽልማትን በጋራ ወሰዱ። በ1962 ሮጀር ስታኒየርና ኮርኔሊስ ቫን ኒል የሻቶንን ስሞች አቧራቸውን አራግፈው አነሡና በሕያዋን መካከል ያለው ትልቁ መስመር በዕፀዋትና በእንስሳት መካከል የተሰመረው አይደለም ሲሉ ተከራከሩ። ትልቁ መስመር ኒውክለስ ባለውና በሌለው መካከል ነው። በዚህ መስመር ሲለካ የቸሃ ገበሬ፣ በሬውና እንሰቱ በአንድ ወገን ይቆማሉ፤ ባክቴሪያ ብቻውን በማዶ።

በዚያው ዘመን አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዊልያም ሻክ በቸሃ ተቀምጦ የጉራጌን ሕይወት ያጠና ነበር። በ1966 የታተመው መጽሐፉ ጉራጌዎችን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብሎ በርዕሱ ጠርቷቸዋል። አገላለጹ ትክክል ነው። ምግቡ፣ የቤቱ ምንጣፍ፣ የዳቦው መጠቅለያ፣ ገመዱ፣ ለከብት የሚቀርበው፣ ለሰበራ የሚበላው መድኃኒት ሁሉ ከዚያው ተክል ነው። ስለዚህ እንሰት ሲታመም የሚታመመው አንድ ሰብል ብቻ አይደለም።

ከዚያ 1967 እና 1968 ተከታትለው መጡ። በሁለቱ ዓመታት የወጡትን ሁለት ጽሑፎች ጎን ለጎን አድርጎ ያነበበ ሰው ጥቂት ይመስላል፤ አንድ ላይ መነበብ ግን የሚገባቸው ናቸው።

በ1967 አሜሪካዊቷ ሊን ማርጉሊስ ማይቶኮንድሪያና ክሎሮፕላስት ጥንት ነፃ የነበሩ ባክቴሪያዎች መሆናቸውን የሚሞግት ረጅም ጽሑፍ አሳተመች። ከዚያ በፊት ከአሥር የሚበልጡ መጽሔቶች አልቀበልም ብለዋት ነበር። ማስረጃ ግን እየተጠራቀመ ነበር፤ በ1962 እና በ1963 ክሎሮፕላስትም ማይቶኮንድሪያም የዘር መረጃ የሚይዝ የራሳቸው ዲ.ኤን.ኤ እንዳላቸው ታይቷል። በ1970ዎቹ የክሎሮፕላስት ራይቦዞም ሲመረመር በብርሃን ምግባቸውን ከሚሠሩት ሳያኖባክቴሪያዎች ጋር ዝምድናው ተረጋገጠ። ስለዚህ የእንሰት ቅጠል አረንጓዴ የሆነው ከቢሊዮን ዓመት በፊት ወደ ውስጥ ገብተው በቀሩ ባክቴሪያዎች ዘር ነው። ቡላን የሚያከማቸው አሚሎፕላስትም የክሎሮፕላስት ወንድም ነው፤ ሁለቱም ከአንድ ዓይነት ኦርጋኔል ያድጋሉ፤ አንዱ በብርሃን ሲሠራ ሌላው በጨለማ ያከማቻል።

በ1968 ኢትዮጵያዊው የዕፀዋት በሽታ ተመራማሪ ዳኛቸው ይርጉ ከእንግሊዛዊው ጆን ብራድበሪ ጋር ሆኖ የእንሰት አጠውልግን መንስኤ ለዓለም አሳወቀ። ዳኛቸው ከሮበርት ስቱዋርት ጋር በ1967 የኢትዮጵያን የዕፀዋት በሽታዎች ዝርዝር ያዘጋጀ ሰው ነው። ብራድበሪ በእንግሊዝ አገር በሚገኘው የኮመንዌልዝ የማይኮሎጂ ተቋም የባክቴሪያ ባለሙያ ነበር። ሁለቱ ያገኙት ለሳይንስ አዲስ የሆነ ባክቴሪያ ነበረ፤ ዛንቶሞናስ ሙሳሴያሩም ብለው ሰየሙት። ይህ የኢትዮጵያ ሳይንስ ትልቅ ግኝት ነው። የዳኛቸው ስም ከሁክና ከፓስተር ቀጥሎ በየትምህርት ቤቱ የሕዋስ ምዕራፍ ሊገባ ይገባዋል።

ግኝቱ የሚገባን ሁለቱን ሕዋሳት ስናስተያያቸው ነው። የእንሰት ቅጠል ሕዋስ ከሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ እስከ አንድ አሥረኛ ይደርሳል፤ ዛንቶሞናስ ርዝመቱ ከሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ብዙም አይዘልም። እንሰቱ ዲ.ኤን.ኤውን በ18 ክሮሞዞሞች ከፋፍሎ በድርብ ሽፋን በተከበበ ኒውክለስ ውስጥ ያስቀምጣል። ባክቴሪያው አንድ ክብ ዲ.ኤን.ኤ ብቻ አለው፤ እሱም ያለ ሽፋን በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ ተጠምጥሞ ይኖራል። እንሰቱ ኃይል የሚያመነጨው በማይቶኮንድሪያ፣ ስኳር የሚሠራው በክሎሮፕላስት፣ ፕሮቲኑን የሚያሰናዳውና የሚልከው ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም በተባለው የሽፋን መረብና በጎልጂ ነው። ባክቴሪያው ከእነዚህ አንዱም የለውም፤ የአተነፋፈሱን ሥራ የሚሠራው ሕዋሱን በከበበው ስስ ሽፋን ላይ ነው። ሁለቱም ራይቦዞም አላቸው፤ የባክቴሪያው ግን አነስ ይላል፤ በክሎሮፕላስትና በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ያለው ራይቦዞምም ከዚሁ ከባክቴሪያው ወገን ነው። ሁለቱም ግድግዳ አላቸው፤ የእንሰቱ ከሴሉሎስ፣ የባክቴሪያው ከፔፕቲዶግላይካን የተሠራ ነው። ባክቴሪያው በአንድ ጫፉ የሚዋኝበት ጅራፍ መሳይ ክር አለው።

ኦርጋኔል ማጣት ድህነት ሊመስል ይችላል። በማሳ ላይ ሲታይ ግን ፍጥነት ነው። የእንሰት ሕዋስ ለመከፈል ክሮሞዞሞቹን አባዝቶ፣ አሰልፎ፣ ወደ ሁለት ወገን ስቦ መጨረስ አለበት። ዛንቶሞናስ ዲ.ኤን.ኤውን ይገለብጥና መሐሉ ላይ ይቆረጣል፤ በቃ። እንሰት ለመድረስ አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ሰባት ዓመት ይፈልጋል፤ ባክቴሪያው ሲገባበት ግን ጥፋቱ በሳምንታትና በወራት ይታያል።

የሚገባበት በር ቁስል ነው። አንድ በሽተኛ እንሰት የተቆረጠበት ቢላዋ ወደ ሌላው ሲሄድ በቢላዋው ላይ የቀረው ጠብታ ሚሊዮኖችን ይዞ ይሄዳል። ከብት ቅጠሉን ሲቀነጥብ፣ ጃርትና ፍልፈል ሥሩን ሲበሉም እንዲሁ። ከገባ በኋላ ውሃ ወደሚያልፍባቸው ቱቦዎች ይደርሳል። እነዚህ ቱቦዎች ራሳቸው የሕዋስ ታሪክ አላቸው፤ ሲደርሱ ኒውክለሳቸውንና ኦርጋኔሎቻቸውን አጥተው፣ ሞተው፣ ግድግዳቸው ብቻ ባዶ ሆኖ የቀረ ሕዋሳት ናቸው። መከላከል የሚችል ሕያው ነገር በማይኖርበት በዚያ መንገድ ባክቴሪያው እየተባዛ ዝልግልግ ፈሳሽ ያመነጫል፤ ውሃውም ይታገዳል። በመጀመሪያ የመሐለኛው ቅጠል ይገረጣል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ይጠወልጋል፤ ከዚያ ሌሎቹ ይከተላሉ። ቢጫ መሆን ማለት በቅጠሉ ውስጥ ክሎሮፕላስቶቹ መፍረሳቸው ነው። የጥንቶቹን ባክቴሪያዎች ዘር የዛሬው ባክቴሪያ ያጠፋዋል ማለት ነው። የቅጠሉን አከርካሪ በቢላዋ አቋርጦ ጥቂት ደቂቃ የጠበቀ ሰው ከቁርጡ ላይ ክሬም የሚመስል ወደ ቢጫ የሚያደላ ጠብታ ሲያብጥ ያያል። የእንሰት ባለሙያ በማሳ ላይ ቆሞ በሽታውን የሚለየው በዚህ ነው።

በ1974 ዳኛቸውና ብራድበሪ ያው ባክቴሪያ ኢትዮጵያ ውስጥ ሙዝንም እንደሚያጠቃ ጻፉ። ማስጠንቀቂያው በጊዜው ብዙ ጆሮ አላገኘም።

ካርል ዎዝና ጆርጅ ፎክስ በ1977 ኒውክለስ የሌላቸውን ፍጥረታት በራይቦዞማቸው መርምረው ባክቴሪያና አርኬያ በሚባሉ ሁለት ታላላቅ ወገኖች ከፈሏቸው። የስታኒየርና የቫን ኒል መስመር ከዚያ በኋላ ቀድሞ እንደታሰበው ቀላል ሆኖ አልቀጠለም፤ ለእንሰት ገበሬ ግን አሁንም በቂ ነው።

በ1987 ደግሞ ታሪኩ ወደ ቆጮው ጉድጓድ ተመለሰ። ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ ቆጮ ሲብላላ በየቀኑ የሚሆነውን መርምሮ በእንግሊዝ የባክቴሪያ ሳይንስ መጽሔት አሳተመ። ሥራውን የሚጀምሩት ሉኮኖስቶክ ሜሴንትሮይደስና አንድ የስትሬፕቶኮከስ ዓይነት ናቸው፤ የሊጡን ፒኤች (ሲወርድ አሲዱ መጨመሩን የሚያሳይ መለኪያ) ከ6.5 ወደ 5.6 ያወርዱታል። ከዚያ እነሱ እየደከሙ ሲሄዱ ላክቶባሲለስ ተረክቦ እስከ 4.2 ያደርሰዋል። ተራው የሚተላለፈው አሲዱ ራሱ የቀደሙትን ስለሚያባርር ነው። ከእነዚህ ፕሮካሪዮቶች ጎን እርሾ የሚባለው ፈንገስ በጉድጓዱ ውስጥ ይገኛል፤ እርሾ ደግሞ ኒውክለስና ማይቶኮንድሪያ ያለው ዩካሪዮት ነው። እንግዲህ በአንድ የቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ሁለቱም የሕዋስ ወገኖች በአንድ ሊጥ ላይ ይሠራሉ። እናቶች ከአሮጌው ቆጮ ለአዲሱ እርሾ ሲያስቀሩ የሚያስተላልፉት ይህንን የተመረጠ ማኅበር ነው፤ በላቦራቶሪ ደረጃ ቢሠራ ዘር መምረጥና ማቆየት የሚባል ትልቅ ሙያ ነው።

በ2001 ባክቴሪያው ዩጋንዳ ሙኮኖ አውራጃ ውስጥ በሙዝ ላይ ታየ፤ በዚያው ዘመን በምሥራቅ ኮንጎም ተገኘ። ከዚያ ወደ ሩዋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ኬንያና ብሩንዲ ዘለቀ። በሙዝ ላይ ነፍሳት ከአበባ አበባ እየዞሩ ስለሚያደርሱት ፍጥነቱ አስደንጋጭ ሆነ። እንሰት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳያብብ ስለሚቆረጥ በጉራጌ ዋናው አስተላላፊ አሁንም የሰው እጅና ቢላዋ ነው። የዳኛቸው የ1974 ማስታወሻ ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ በብዙ አገሮች ሊቃውንት ጠረጴዛ ላይ ተገኘ።

በ2004 ዓ.ም. ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በጉብሬ ተማሪ መቀበል ጀመረ። የእንሰት ጓሮዎች በከበቡት ግቢ ውስጥ የሥነ ሕይወት ተማሪ ፕሮካሪዮትና ዩካሪዮትን የሚማርበት ክፍልና የበሽታው ማሳ በእግር የሚደረስባቸው ሆኑ።

የዲ.ኤን.ኤ ንባብም በዚያው ዘመን ገባ። በ2010 የባክቴሪያው ጂኖም፣ ማለትም የሙሉ ዲ.ኤን.ኤው፣ ረቂቅ ወጣ፤ አምስት ሚሊዮን የማይሞላ የዲ.ኤን.ኤ ፊደል ነው። በ2014 የእንሰት ጂኖም ረቂቅ ሲወጣ ወደ 547 ሚሊዮን ተገመተ፤ ከመቶ እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። በትንሿ ጂኖም ውስጥ ግን ሊቃውንቱ መርፌ የሚመስል የፕሮቲን መሣሪያ የሚሠሩ ዘረመሎችን አገኙ። ባክቴሪያው በዚህ መሣሪያ የራሱን ፕሮቲኖች ወደ እንሰቱ ሕዋስ አስገብቶ መከላከያውን ያዳክማል። በ2020 ደግሞ የዘረመል ንጽጽር የባክቴሪያውን ዝምድና አስተካከለ፤ አሁን ዛንቶሞናስ ቫሲኮላ በሚባለው ዝርያ ሥር ይመደባል።

ለታመመ እንሰት የሚሰጥ መድኃኒት ዛሬም የለም። ለሰው የሚታዘዙት ብዙዎቹ አንቲባዮቲኮች የባክቴሪያን ግድግዳና ራይቦዞም ለይተው የሚመቱ ናቸው፤ በእያንዳንዱ ጓሮ ውስጥ ባለ ተክል ቱቦ ድረስ ማድረስ ግን የሚሆን ነገር አይደለም። ስለዚህ ሥራው ንጽሕና ነው። የታመመው ተነቅሎ ይቀበራል፣ ከብት ወደ ማሳው አይገባም፣ ከታመመ ማሳ ችግኝ አይወሰድም፣ ቢላዋው ከአንድ ተክል ወደ ሌላው ሳይሻገር በእሳት ይለበለባል ወይም በበረኪና ይታጠባል። ነበልባሉ የሚሠራው በሳይንሳዊ ምክንያት ነው። በቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ከሚገኙት ባክቴሪያዎች መካከል ክሎስትሪዲየም ሙቀትን የሚቋቋም ስፖር ይሠራል፤ ዛንቶሞናስ ግን አይሠራም። የጋለ ብረት ላይ የሚሸሸግበት ልብስ የለውም።

ሌላው ተስፋ ያለው በተክሉ በኩል ነው። በወላይታ አካባቢ የሚታወቀው ማዝያ የተባለ የእንሰት ዓይነት ባክቴሪያው ሲገባበት አንዳንድ ቅጠሉ ቢጠወልግም ብዙ ጊዜ ያገግማል። አረካ የግብርና ምርምር ማዕከልና ሌሎች ተመራማሪዎች የማዝያ ሕዋሶች ጠላት መግባቱን ሲያውቁ የትኞቹን ዘረመሎች እንደሚያነቁ እየመረመሩ ነው። በጉራጌ ጓሮዎች ያሉት ጓርዬ፣ አስታራ፣ ቅብናር፣ አመራትዬና ሌሎቹ ብዙ ዓይነቶችም በዚህ ምርመራ በሙሉ መግባት አለባቸው። ለሰበራ የሚመረጠው ጓርዬ በበሽታ ተጠቅቶ ከጓሮ ቢጠፋ ከላቦራቶሪ በቀላሉ ተመልሶ አይመጣም፤ ሊቆይ የሚችለው ገበሬው ችግኙን ሲያፈላው፣ ተመራማሪውም ከገበሬው ጋር ሲሠራ ነው።